«ልዕልት ሞኖኖኬ»ና የተመልካቾቿ ፍርድ

ስለ አንድ ፊልም ተመልካች የሚሰጠው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቃል አያልፍም፤ ወይ ወደድኩት ይላል፣ ወይ አልወደድኩትም ይላል። ጃፓናዊው ሐያዎ ሚያዛኪ የደረሱትና ያዘጋጁት «ልዕልት ሞኖኖኬ» የተባለው የሥዕል ፊልም ግን ከዚህ የተለየ ዕጣ ደርሶታል። በጃፓን ሲኒማ ቤቶች መታየት ከጀመረበት ከሐምሌ 5 ቀን 1989 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1997) አንሥቶ፣ ያዩት ሰዎች ሁሉ እንደ ዳኛ ተቀምጠው ሲከራከሩበት ይገኛሉ። ጥፋተኛው ማን ነው? ደኑን የምታስመነጥረው እመቤት ናትን? ከተኵላ ጋር ሆና ሰው የምትገድለው ልጃገረድ ናትን? ወይስ በሁለቱ መካከል ቆሞ አትጣሉ የሚለው ጐልማሳ ነው? እኛም የእነዚህን ተመልካቾች አሳብ ከየወገኑ አሰባስበን ስናነብ፣ ጥያቄያቸው የተገባ ሆኖ ሳለ የተከሳሹን ወንበር ግን ለማይገባው ሰው እንደ ሰጡት ስለ ታየን፣ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ፊልሙን ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ እንናገራለን። ዘመኑ ጃፓኖች ሙሮማቺ የሚሉት፣ ከ1336 እስከ 1573 የነበረው ዘመን ነው። ኤሚሺ ከተባለው ጥንታዊ ነገድ የተወለደ አሺታካ የሚባል የመስፍን ልጅ በምሥራቅ በኩል በተሸሸገ መንደር ይኖራል። አንድ ቀን ግዙፍ የዱር እሪያ በቍጣ አብዶ፣ ገላውንም ጥቍር ትል የመሰለ ነገር ወርሶት በመንደሩ ላይ ይመጣል። አሺታካ በፍላጻ ይገድለዋል፤ ነገር ግን የአውሬው መርገም በቀኝ ክንዱ ላይ ይቀርበታል። ከሬሳው ውስጥም አንዲት የብረት ዐረር ትገኛለች። ለካስ ያ እሪያ ሰው አቍስሎት በጥላቻ የተለወጠ የዱር አምላክ ኖሯል። ጐልማሳው ጠጕሩን ቈርጦ፣ ዐረሯ ከማን እጅ እንደ ወጣች ለማወቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

በዚያም ኢቦሺ የተባለች እመቤት የምታስተዳድረው የብረት ማቅለጫ ከተማ ያገኛል። ዐረሯን የተኰሰች እርሷ ናት። ለከሰል ደኑን ታስቈርጣለች፤ ለብረት አሸዋውም ተራራውን ታስቈፍራለች። ሞሮ የተባለች ታላቅ ተኵላ ያሳደገቻት ሳን የምትባል ልጃገረድ ደግሞ ኢቦሺን ለመግደል ሌሊት በጣራ ላይ ትዘላለች። በጥልቁ ደን ውስጥ ሺሺጋሚ የተባለ አምላክ አለ፤ ቀን ቀን ፊቱ የሰው የሚመስል ባለ ብዙ ቀንድ አጋዘን ነው፤ ሌሊት ደግሞ ከዛፎች በላይ የሚራመድ ግዙፍ ይሆናል። ይህንን በአማርኛ አድባር ወይም ቆሌ ብንለው ለአፍ ይቀላል። ነገር ግን አድባር ይለመናል፣ ስለትም ይቀበላል። ይህ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አይናገርም፤ በረገጠበት ሣር ይበቅላል፣ ያው ሣር እግሩን ሲያነሣ ይጠወልጋል።

እንግዲህ ወደ ተመልካቾቹ እንመለስ። ቀላሉን አስቀድመን እናሳልፍ። ክንድና ራስ በፍላጻ ሲቈረጥ የሚታይበት ፊልም ለልጆች አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ልክ ነው፤ ለሕፃናት ታስቦ የተሠራ ስላልሆነ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ርዝመቱን የሚነቅፉም አሉ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳልና። ይህንኑ አሳብ በ1999 ፊልሙን ወደ አሜሪካ ያስገባው አከፋፋይ ድርጅት ይዞት ነበር። ከጃፓን በኩል ግን የፊልሙ አሠሪ ቶሺዮ ሱዙኪ አንድ ሰይፍ በስጦታ ሰጡት፤ መልእክቱም ምንም እንዳይቈረጥ የሚል ነበር። ሳይቈረጥም ታየ። በጃፓን ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያየው ፊልም በአሜሪካ ያን ጊዜ ያስገባው ገንዘብ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ያለፈ ብቻ ነው።

ልዕልቲቱ በስሟ በተጠራው ፊልም ውስጥ እምብዛም አትታይም የሚለው ነቀፌታ ግን መልስ አለው። ሚያዛኪ ሊሰጡት የፈለጉት ርእስ የአሺታካን ስም የያዘ ነበር፤ ዛሬ የምናውቀውን ርእስ ለሕዝብ ያወጁት ሱዙኪ ናቸው። ስለዚህ ፊልሙን በአሺታካ ዐይን ያየ ሰው ቅር አይለውም። ሌላው ጠብ፣ ካያ ለምትባለው የመንደሩ ልጅ ተቈርቋሪ የሆኑ ተመልካቾች የሚያነሡት ነው። ካያ አሺታካን «ወንድም ጋሼ» እንደ ማለት ባለ ቃል ትጠራዋለች፤ ሲለያዩም እንዳይረሳት ትንሽ ጩቤ ትሰጠዋለች። እርሱ ግን ያንኑ ጩቤ በኋላ ለሳን ይልክላታል። በዚህ ነገር የአሺታካን ጠበቃ መሆን አንፈልግም።

ዋናው ክርክር የኢቦሺ ነው። ደን መውደድ በጎ ሥራ ነው ብለው ያደጉ ብዙ ተመልካቾች ወንጀለኛይቱን በመጀመሪያው ሰዓት ያገኟት ይመስላቸዋል። ከዚያ በኋላ ከተማይቱ በሮቿን ትከፍታለች። ወናፉን የሚያንቀሳቅሱት ሴቶች ኢቦሺ ከሴተኛ ዐዳሪ ቤት በገንዘብ ዋጅታ ያወጣቻቸው ናቸው። በአገራችን ቀጥቃጭ ወናፉን በእጁ ሲነፋ ያየ አንባቢ፣ እነዚህ ሴቶች በትልቅ ሳንቃ ላይ ተሰልፈው በእግራቸው እየረገጡ እሳቱን ሲያነዱ ቢያይ ይደነቃል። አራት ቀንና አምስት ሌሊት እየተፈራረቁ ይረግጣሉ፤ ይስቃሉ፤ ወንዶቹን ይሰድባሉ፤ የሚጠግቡት እንጀራ አላቸው። ከዚህም በኋላ ኢቦሺ አሺታካን ወደ ግል አትክልት ቦታዋ ታስገባዋለች። በዚያ በፋሻ የተጠቀለሉ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጠመንጃ ይሠራሉ። የአሺታካ የተረገመ ክንድ በገዛ ኀይሉ ሰይፍ ሊመዝባት ሲነሣ፣ ከመኝታው መነሣት የማይችል አንድ ሕመምተኛ ይማልድላታል። እንደ ሰው የቈጠረን፣ የበሰበሰውን ሥጋችንን ሳይጸየፍ ያጠበን ከእርሷ በቀር ማንም የለም የሚል ነው አሳቡ።

ይህ ትዕይንት ለማሳመር ያህል የገባ አይደለም። በጃፓን ሥጋ ደዌ ያለባቸውን ሰዎች ከሕዝብ ለይቶ ማኖር ከ1907 ጀምሮ በሕግ የጸና ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1996፣ ማለት ፊልሙ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ሚያዛኪ ይህን ፊልም ሲያስቡ በነበረበት ጊዜ፣ ከቤታቸው ብዙ ወደማይርቀው ወደ ታማ ዜንሾኤን የሕሙማን መኖሪያ ሄደው እንደ ነበር፣ ያዩትም ነገር ሥራቸውን በቸልታ እንዳይሠሩ እንዳስገደዳቸው በ2016 በቶኪዮ በተደረገ ስብሰባ ተናግረዋል። የከተማይቱ በጎነት እውነተኛ በጎነት ነው። ዋጋው የሚከፈለው ደግሞ ከደኑ ነው። የተጠሉት ሰዎች የሚበሉት እንጀራ ከተቈረጠው ዛፍ ይወጣል፤ እሪያውን ያሳበደችው ዐረርም ከዚያው ከተማ ወጣች። ፊልሙ ደኑንም ከተማውንም ሳያዳላ አሳየን የሚሉ አሞጋሾች በዚህ ስፍራ ይቆማሉ።

እኛ ግን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈን እንጠይቃለን። ኢቦሺ ደን ብታስቈርጥም የሺሺጋሚን ራስ መቍረጥ ከመጀመሪያው የእርሷ ጥቅም አልነበረም። ራሱን የሚፈልጉት ሌላ ናቸው። የሺሺጋሚ ራስ የማይሞት ሕይወት ይሰጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ተቈርጦ እንዲመጣላቸው አዘዋል። ትእዛዙን በወረቀት ይዞ የሚዞረው ጂኮ የተባለ መነኵሴ ነው። ጠመንጃና ጠመንጃ ያዥ ለኢቦሺ ያበድራታል፤ እርሷም በብድሩ ትያዛለች። አሳኖ የተባለው መኰንን ደግሞ ብረቱን ለመውሰድ በሌላ በኩል ጦር ያዘምትባታል። ኢቦሺ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤ ለሴቶቹ ስታሳያቸው፣ ሴቶቹ የንጉሠ ነገሥቱን ስም እንኳ የሰሙ አይመስሉም። ይህን አስቂኝ ቅጽበት ተመልካች ስቆ ያልፈዋል። የነገሩ ቍልፍ ግን እርሱ ነው፤ ደኑን የሚያጠፋው ትእዛዝ ሴቶቹ ከማያውቁት ስፍራ መጥቷል፤ ስለ ትእዛዙ የሚሞቱት ግን እሪያዎቹ፣ ተኵላይቱና የከተማው ሰዎች ናቸው።

ጂኮን ተመልካቾች ይወዱታል። ጨዋታ ዐዋቂ ነው፤ በመንገድ ላይ አሺታካን ገንፎ አብልቶታል፤ ማንንም አይጠላም። ሳን ትጠላለች፣ ኢቦሺ ትንቃለች፣ እሪያው በጥላቻ ያብዳል፤ ጂኮ ግን የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ ልቡ አይቃጠልም። ይህን መጽሔት ከምናነበው ብዙዎቻችን ወረቀት ተቀብለን ወረቀት የምናስተላልፍ ሰዎች ስለ ሆንን፣ ይህን መነኵሴ ከሌላው ይልቅ ጠጋ ብለን ልናየው ይገባናል። ዓለም በላዩ ላይ ሊፈርስበት ሲል እንኳ የያዘውን ዕቃ ላለመልቀቅ ምክንያት አያጣም። በመጨረሻ ኢቦሺ ክንዷን ታጣለች፤ ሞሮ ትሞታለች፤ ሺሺጋሚ ይጠፋል፤ ጂኮ ግን በቂሎች ተሸነፍኩ ብሎ ይስቃል። ያዘዙት ንጉሠ ነገሥት በፊልሙ ውስጥ አንዴም አይታዩም።

በዚህ ነገር የተመልካቹን ቸልታ ብቻ መንቀፍ ትክክል አይሆንም። ሚያዛኪ የዚህን ትእዛዝ ነገር በጥቂት ንግግር ብቻ አሳልፈውታል፤ ዐይኑን ለቅጽበት ከመጋረጃው ያነሣ ሰው ሳይሰማው ይቀራል። ለተኵላና ለሰይፍ ውጊያ ይህን ያህል ጊዜ የሰጠ ፊልም፣ ለደብዳቤው አንድ ደቂቃ ቢጨምር ኖሮ፣ ኢቦሺ ትወቀስ ወይስ ትመስገን የሚለው ክርክር ይህን ሁሉ ዓመት ባልፈጀ ነበር። ወደ 144,000 በሚጠጉ ሥዕሎች በተሠራ ሥራ ውስጥ የምናገኘው ትልቁ ጕድለት ይህ ነው።

ፍጻሜውም ሁለት ወገን ፈጥሯል። አሺታካና ሳን ራሱን ለሺሺጋሚ ይመልሱለታል፤ ፀሓይ ስትወጣ አምላኩ ይወድቃል፤ ነፋሱ የፈረሰውን ከተማ ጠርጎ ተራራው ይለመልማል። አንዳንዶች ይህን የደስታ ፍጻሜ ይሉታል። እኛ ሥዕሉን ደጋግመን አየነው፤ የበቀለው ሣርና ቍጥቋጦ ነው፤ ያ የጨለመ፣ ሙሽጋ የለበሰ፣ ሥዓሊዎቹ ከያኩሺማ ደሴት አይተው የሣሉት ደን አይደለም። ሳንም ቢለመልምም እንኳ የእርሱ ደን አይሆንም ትላለች። አሺታካን ትወደዋለች፤ ሰዎችን ግን ይቅር አትልም፤ ወደ ዱሯም ትመለሳለች። አሺታካ ደግሞ በብረት ከተማው ሊሠራ ይቀራል። ለምን ከእርሷ ጋር ወደ ደኑ አልገባም ብለው የሚቈጡበት ብዙዎች ናቸው። የሚፈርስና የሚሠራ ነገር ያለው ግን በከተማው ነው።

ኢቦሺ በአንድ ክንዷ ሆና መልካም ከተማ እንሠራለን ስትል፣ አንዳንድ ብልህ ተመልካቾች ከሰሉን ከየት ታመጣዋለች ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ከሰማናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። በእውነተኛው የጃፓን ታሪክ በኢዙሞ አውራጃ እንዲህ ያለው የብረት ማቅለጫ ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርቷል። አንዱ ምድጃ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሲነድ 10 ቶን ያህል የብረት አሸዋና ከዚያ የማያንስ ከሰል ይበላ ነበር። የእነዚያ ምድጃዎች ባለቤቶች ደኑን በክፍል በክፍል እየቈረጡ፣ የተቈረጠው ክፍል እስኪያገግም 30 ዓመት ያህል ይጠብቁ ነበር፤ የተቈፈረውንም ተራራ ወደ ሩዝ እርከን ይለውጡት ነበር። ኢቦሺ ይህን ትጀምር እንደ ሆነ ፊልሙ አይናገርም፤ የሚያሳየን በአዲሱ ቍጥቋጦ መካከል ራሱን እያንቋቋ የሚሄድ አንድ ትንሽ ነጭ የዛፍ መንፈስ ብቻ ነው።