አንዲት ፎቶን ከብቸና እስከ ሞጣ

ብቸና ውስጥ አንዲት ባለ 10 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ስትበራ በየሰከንዱ ወደ 10 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን የሚጠጉ ፎቶኖችን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶችን ትረጫለች። ይህ ምንም አይደንቅም፤ ማብዛት ቀላል ነው። የሚከብደው ሲታዘዝ አንዲት ቅንጣት ብቻ የሚሰጥ ምንጭ መሥራት ነው። የአምፖሏን ወይም የሌዘሩን ብርሃን በጥቁር መስታወት ደራርቦ ማዳከም አያዋጣም፤ አንዳንዴ ባዶ፣ አንዳንዴ አንድ፣ ሲብስም ሁለትና ሦስት አከታትሎ ይለቃል። ምስጢር በብርሃን ለሚልክ ሰው ጠንቁ ያቺ ሁለተኛዋ ናት። ሰላይ እሷን ለራሱ አስቀርቶ ሌላዋን ያሳልፋታል፤ ተቀባዩም ነገሩን አይነቃበትም።

አንዷን ብቻ ለመልቀቅ ከተዘየዱት መላዎች ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የኳንተም ዶት ሥራ ነው። ሠሪውን የሚያስመሰግነው መቅረጹ ሳይሆን የት ላይ እጁን እንደሚሰበስብ ማወቁ ነውና።

ሥራው የሚጀመረው አየሩ እስኪያልቅ በተመጠጠ የብረት ዕቃ ውስጥ ነው። ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ የጋሊየም አርሰናይድ ዝርግ ላይ ኢንዲየምና አርሰኒክ ይነፍሱበታል። የኢንዲየም አርሰናይድ አተሞች አቀማመጥ ከሥሩ ካለው ዝርግ በ7 በመቶ ያህል ይሰፋል። የመጀመሪያዎቹ አተሞች ተጨናንቀውም ቢሆን ከታችኛው ጋር ገጥመው ይነጠፋሉ። ንጣፉ አንድ ተኩል አተም ያህል ውፍረት አልፎ ወደ ሁለት ሲጠጋ ግን ጭንቀቱን መቻል ያቅተውና ራሱን ሰብስቦ በድንገት ጉብታ ጉብታ ይሆናል። ማንም አልቀረጸውም። ኳንተም ዶት የሚባለው ይህ ጉብታ ነው፤ የእያንዳንዱ ወርድ 20 ናኖሜትር አካባቢ፣ ቁመቱ ጥቂት ናኖሜትር ነው። የሰው ፀጉር ወርዱ ከዚህ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል።

ባለሙያው ይህን በዓይኑ አያይም። የሚያየው ዝርጉን ጨርፎ የሚያልፍ የኤሌክትሮን ጨረር በስክሪን ላይ የሚሥለውን ነው። ገጹ ልሙጥ ሳለ ሥዕሉ ቀጭን ሰረዝ ሰረዝ ነው፤ ጉብታዎቹ ብቅ ሲሉ ሰረዙ ተቆራርጦ ነጠብጣብ ይሆናል። የኢንዲየሙ መዝጊያ የሚከደነው ያን ጊዜ ነው። ከቸኮለ ዶት የለም። ከዘገየ ጉብታዎቹ እየተዋዋጡ፣ ክሪስታሉም እየተሰነጠቀ ብርሃኑን ያጠፉታል። ከዚያ በላያቸው ጋሊየም አርሰናይድ ይደረብባቸውና ተቀብረው ይቀራሉ።

የተቀበረው ዶት ወደ 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ እንደ አንድ አተም ይሆናል፤ በውስጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አተሞች እያሉ። አጭር የሌዘር ምት አንድ ኤሌክትሮን ወደ ላይ ያነሳል፤ ኤሌክትሮኑ በአንድ ናኖሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደ ቦታው ሲመለስ አንዲት ፎቶን ይለቃል። ሌላ ለመስጠት እንደገና መጉረስ አለበት። ሁለት ኤሌክትሮኖች አብረው ቢነሱስ? እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛለች። ሁለቱ ስለሚነካኩ ቀድማ የምትወጣው ፎቶን ቀለሟ ከኋለኛዋ ጥቂት ይለያል፤ ማጣሪያው የመጨረሻዋን ብቻ ያሳልፋል።

የተለቀቀች ሁሉ ግን አትወጣም። ጋሊየም አርሰናይድ ብርሃንን አጥብቆ ስለሚሰብር፣ ከላይ በኩል የሚያመልጡት ከመቶ ሁለት ያህል ቢሆኑ ነው። መፍትሔው ከዶቱ በላይና በታች እያንዳንዳቸው 70 ናኖሜትር አካባቢ የሆኑ ንጣፎችን በመደራረብ መስታወት ሠርቶ፣ ጥቂት ማይክሮሜትር ወርድ ያላት ምሰሶ መፈልፈል ነው። ታዲያ ዶቶቹ የሚበቅሉት እንዳሻቸው፣ በዘፈቀደ ነው! ፓስካል ሴኔላርና ባልደረቦቻቸው ፓሪስ አጠገብ በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ዘዴ ለዚህ ነው። በመጀመሪያ በብርዱ ውስጥ እያንዳንዱን ዶት አብርተው ቦታውን ከ100 ናኖሜትር ባነሰ ስሕተት ያገኙታል፤ ከዚያ በሌላ ሌዘር ምሰሶውን በዙሪያው ያሰምሩለታል። የጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱን መካከል አድርጎ ቅድስቱንና ቅኔ ማሕሌቱን እንደሚያዞርበት፣ ምሰሶውም በዶቱ ልክ ይዞራል።

የሥራው መፈተኛም ያስደስተኛል። ብርሃኑ በግማሽ መስታወት ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለት መቁጠሪያዎች ይሄዳል። አንዲት ፎቶን ሁለቱ ጋ አትገኝም፤ ስለዚህ ሁለቱ እኩል የጮኹበት ጊዜ ሲቆጠር በግራፉ መካከል ሊቆም የሚገባው ጫፍ ይጠፋል። ፒተር ሚችለርና ጓደኞቻቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያዋ ሳንታ ባርባራ ይህን ባዶ ቦታ በአንድ ዶት አሳዩ። በ2021 ደግሞ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከመቶ ትእዛዝ በ57ቱ አንዲት ፎቶን ብርሃን ከሚያጓጉዝ የመስታወት ፋይበር ጫፍ አወጡ። ከመቶ ሁለት የተነሳ ሙያ እዚህ መድረሱ ቀላል አይደለም። ለኳንተም ዶት በ2023 የተሰጠው የኬሚስትሪ ኖቤል በፈሳሽና በመስታወት ውስጥ ለሚሠራው ዘመዱ ነው፤ የቴሌቪዥን ስክሪን ያሳመረው እሱ ነው።

የሒሳቡ ወገን ለእኛ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፍስሐ ካሳሁን በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ስንታየሁ ተስፋ ደግሞ በ2020 በኳንተም ኦፕቲክስ ላይ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት አሳትመዋል። የእጁን ሥራ ግን የሚፈትነው መንገድ ነው። ብቸናና ሞጣ በቀጥታ መስመር ሲለካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በመካከላቸው ቀጥ ያለ ፋይበር ተዘርግቶ የባዝልን ዓይነት ፎቶን ከብቸና ብንለቅ፣ ሞገዷ ከ900 ናኖሜትር ብዙም ስለማይርቅ መስታወቱ ይውጣታል፤ ከትሪሊዮን አንዷም ሞጣ መድረሷ ያጠራጥራል። በ1550 ናኖሜትር ቢሆን ከ40 አንዷ፣ በሰከንድ ሺኛ ግማሽ በማይሞላ ጊዜ፣ ትደርሳለች።

ስለዚህ እጅግ የተዋጣለት ዶት ለረጅም መንገድ የማይሆን ቀለም ነው ያለው። ያው ሚችለር ዛሬ በሽቱትጋርት ከባልደረቦቻቸው ጋር የአተሞቹን ርቀት ቀስ በቀስ የሚያሰፋ ተጨማሪ ንጣፍ ከሥር እያነጠፉ 1550 ላይ የሚያበሩ ዶቶችን ያበቅላሉ። ንጣፉ በጨመረ ቁጥር ለስንጥቅ በር ይከፈታል፤ ከእነዚህ የሚወጡ ፎቶኖችም እርስ በርስ ፍጹም ተመሳሳይ በመሆን የአጭር ሞገዶቹን ገና አልደረሱባቸውም።