ነጯ ኳስ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? የፑል ቤት ቁጥሮች ሲመረመሩ

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በሺንሽቾ ከሰዓት በኋላ በፑል ቤት ደጃፍ አልፋችሁ ከሆነ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ልጁ ጎንበስ ይላል፣ እስቲኩን ወደ ኋላ ይስባል፣ ከዚያ «ጧ!»። ነጯ ኳስ የተደረደሩትን ትበታትናቸዋለች። ወዲያው ከከበቡት አንዱ «ይቺ እኮ መቶ ትሄዳለች!» ይላል። መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለቱ ነው። «አትቀልድ» የሚለው ከተገኘ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ የቀረጸውን ቪዲዮ ያሳያል።

ቪዲዮ ካለ ክርክሩ አበቃ? ኧረ አላበቃም። እንዲያውም ያ «መቶ» ከየት እንደመጣ የሚያጋልጠው ራሱ ቪዲዮው ነው። እስቲ አብረን እንመርምረው።

መንገዱ ስንት ነው?

ጠረጴዛዎች ይለያያሉ፤ የራሳችሁን በሜትር ለኩት። እኛ ለስሌታችን ባለ 7 ጫማ የሚባለውን እንውሰድ። ከጎማ እስከ ጎማ ርዝመቱ 198 ሴንቲ ሜትር ነው። በመክፈቻው ምት ነጯ ከአንዱ ጫፍ ሩብ ላይ ብትቀመጥ፣ የድርድሩ የፊት ኳስ ከሌላው ጫፍ ሩብ ላይ ትሆናለች። በመካከላቸው 99 ሴንቲ ሜትር አለ ማለት ነው። ነገር ግን አንዲት ኳስ 5.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ስላላት ነጯ የምትጋጨው 93 ሴንቲ ሜትር እንደሄደች ነው። ይህቺን ስድስት ሴንቲ ሜትር ብዙ ሰው ይረሳታል። ብቻዋን ግን ፍጥነቱን በ6 በመቶ ታሳብጠዋለች።

አሁን ወደ ጊዜው። በውድድር ደረጃ ኃይለኛ የሚባል የመክፈቻ ምት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ9 እስከ 11 ሜትር ነው፤ በሰዓት ሲታሰብ ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር። ለሰፈራችን ጎበዝ በሰከንድ 8 ሜትር እንስጠው፤ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ፍጥነት 93 ሴንቲ ሜትሩ በ0.116 ሰከንድ ያልቃል። ለመለካት የምንፈልገው ይህን ነው፤ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እምብዛም የማይበልጥ ጊዜ።

ስቶፕዎች፦ ለዚህ ሥራ አይሆንም

ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱ እስኪታዘዝ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ጣታችሁ ገና ሳይንቀሳቀስ ኳሷ ተጋጭታ ጨርሳለች። «መዘግየቱ ሲጀመርም ሲቆምም ስላለ ይጣፋል» የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው፤ ግን ሁለቱ መዘግየቶች እኩል አይሆኑም። የ0.08 ሰከንድ ልዩነት ብትፈጠር 0.116 የነበረው 0.036 ይሆንና ያው ልጅ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር መታ ትላላችሁ። ልዩነቱ ወደ ሌላው ጎን ከሆነ ደግሞ 17 ብቻ። ምቱ ያው አንድ ምት ነው፤ የተለወጠው የእናንተ ጣት ነው።

ቪዲዮ፦ አራት ቁጥር ብቻ የሚያውቅ መለኪያ

ብዙ ስልክ በተለመደው አቀራረጹ በሰከንድ 30 ምስል ያነሳል። ኳሷ ስትነሳና ስትጋጭ ያሉትን ምስሎች ብትቆጥሩ በመካከላቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ዝላይ ታገኛላችሁ። አንድ ዝላይ ከሆነ መልሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ሁለት ከሆነ 50፣ ሦስት ከሆነ 33፣ አራት ከሆነ 25። በመካከል ያለ ቁጥር የለም። በ25 እና በ33 መካከል ያለው የጎበዙ 29 በዚህ መለኪያ ፈጽሞ ሊወጣ አይችልም። «መቶ» ማለት እንግዲህ ስልኩ ሊናገር ከሚችላቸው ቁጥሮች ትልቁ ነው እንጂ ኳሷ የሄደችበት ፍጥነት አይደለም። ምስሉ ደብዝዞ የመነሻዋን ቅጽበት አሳልፎ የቆጠረ ሰው ደግሞ ወደዚያው ወደ ትልቁ ይሳባል።

በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስሎሞሽን ያለው ስልክ በጣም ይሻላል። 28 ያህል ዝላይ ስለሚቆጠር የአንድ ምስል ስህተት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ጆሮ ከዓይን ሲበልጥ

ከሁሉ የሚገርመው ግን የተሻለው መለኪያ በርካሹም ስልክ ውስጥ መኖሩ ነው፤ ድምፅ መቅረጫው። ስልክ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ያህል ይመዘግባል። የእስቲኩ ጫፍ ነጯን ሲነካ አንድ ድምፅ፣ ነጯ ድርድሩን ስትመታ ሌላ ድምፅ ይሰማል። ቅጂውን የድምፅ ሞገድ በሚያሳይ መተግበሪያ ክፈቱት፣ በሁለቱ ድምፆች መነሻ መካከል ያለውን ጊዜ አንብቡ፣ 0.93 ሜትርን ለዚያ ጊዜ አካፍሉ። በቃ።

ይህም ዘዴ የራሱ እንከን አለው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ስልኩን ከመቺው አጠገብ ብታስቀምጡ የግጭቱ ድምፅ ወደ ሦስት ሺኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል፤ ፍጥነቱም ከ2 በመቶ በላይ ያንሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ስልኩን በጎን ጠርዝ ላይ፣ ከሁለቱ ኳሶች እኩል ርቀት ላይ አድርጉት። ሌላው እንከን ሙዚቃውና የጎረቤት ጠረጴዛ ነው፤ ፑል ቤቱ ሳይሞላ ጠዋት ሞክሩት። የርዝመቱንና የጊዜውን ስህተት ደምረን መልሱን «29 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ አንድ ቢበዛ ወይም አንድ ቢያንስ» ብንለው ለፍርድ የሚቀርብ ቁጥር አገኘን።

የትኛው ፍጥነት?

በኃይለኛ ምት ጊዜው አጭር ስለሆነ ኳሷ በመንገድ ላይ ብዙም አትቀንስም። በለስላሳ ምት ግን ነገሩ ይለያል። መሐሏ ላይ የተመታች ኳስ መጀመሪያ ሳትሽከረከር በጨርቁ ላይ ትንሸራተታለች። ሰበቃው እየያዛት መንከባለል ትጀምራለች፤ መንከባለሏ ሲሟላ የሚቀራት ፍጥነት ከመነሻው 5/7ኛ ነው። በሰከንድ 2 ሜትር የተነሳች ኳስ በተለመደ ጨርቅ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል እንደሄደች 1.4 ላይ ትደርሳለች። 2 ሜትር መንገድ ላይ የለካ ሰው አማካዩን 1.45 አግኝቶ «ፍጥነቷ ይሄ ነው» ቢል በመነሻዋ ፍጥነት ላይ ከሩብ በላይ ተሳስቷል። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ጋስፓር ጉስታቭ ኮሪዮሊስ በ1835 እ.ኤ.አ. በቢሊያርድ ሒሳብ ላይ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል።

«ሆሳዕና ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል» የሚልም አይጠፋም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ በእርግጥ ይሳሳል። ግን በ93 ሴንቲ ሜትር መንገድ ላይ የሚያመጣው ልዩነት በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከአየሩ ይልቅ የጠረጴዛውን እግር ተጠራጠሩ። በረንዳ ላይ ያለ ጠረጴዛ በ2 ሜትር ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢያዘነብል፣ ቀስ ብላ በምትንከባለል ኳስ ላይ የጨርቁን መያዝ አንድ ሦስተኛ የሚያህል ጉልበት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ ለስላሳ ምት ስትለኩ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩና አማካዩን ውሰዱ።

ትችቱ ወደ እኛም ይዞራል

እውነቱን ለመናገር ልጁን «መቶ» ያሰኘነው እኛ መምህራንም ነን። በፈተና ላይ የቢሊያርድ ኳሶችን «ሰበቃ የለም ብለህ አስብ» ብለን እናጋጫለን፤ ተማሪው የግጭቱን ቀመር አሳምሮ ይሠራል። «ይህ ቁጥር በስንት ሊሳሳት ይችላል?» ብለን ግን አንጠይቀውም። ከዚያ ቤተ ሙከራ የለም እንላለን። ነገ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ምህንድስና ወይም ሕክምና የሚማረው ይኸው ልጅ ነው። ያኔ የሚለካው የድልድይ ሸክም ወይም የመድኃኒት መጠን ይሆናል፤ ሳይጠራጠር የተቀበለው ቁጥር የሚያስከፍለውም እንደ ፑል የአንድ ጨዋታ ሒሳብ አይሆንም።

ከክፍል ቀርታችሁ ፑል ቤት ዋሉ እያልን አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሜትርና ስልክ ይዛችሁ አንድ ምት አሥር ጊዜ ለኩ፤ አሥሩንም ቁጥር ጻፉ፣ ያላማራችሁንም ጭምር። ቀጥሎ አንድ ሰው «መቶ ትሄዳለች» ሲላችሁ አትሳቁበት። «ከየት እስከ የት፣ በምን ለካኸው፣ በስንትስ ልትሳሳት ትችላለህ?» በሉት። ከመለሰ ቁጥሩን ተቀበሉት፤ ካልመለሰ ስልኩን ከጠረጴዛው መሐል ጠርዝ ላይ አስቀምጡለት።