ሁለተኛው ናሙና

ሆጅኪን ሊምፎማ ሲያገረሽ ሐኪሞች ይደውሉና «ዶክተር፣ የድሮው ናሙና አይበቃም?» ይሉኛል። ይገባኛል። ታማሚው ደክሟል፤ ዳግም ይቀደድ ማለት ይከብዳል። እኔ ግን አዲስ ናሙና ውሰዱ እላለሁ።

በዚህ ካንሰር ሪድ ስተርንበርግ የሚባለው አደገኛ ህዋስ ከዕጢው ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ቢሆን ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ጉጉት ዓይን ጥንድ ሆኖ ያፈጣል። የቀሩት እሱ የጠራቸው ማክሮፋጆች፣ ቲ ሴሎችና ኢዮሲኖፊሎች የሚባሉ የሰውነት መከላከያ ህዋሳት ናቸው፤ ሊያጠፉት ሲገባ አቅፈው ያኖሩታል። ታማሚው ወዴት እንደሚያመራ ብዙ የሚናገረው ይህ ጉርብትና ነው፤ ከሕክምና በኋላ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል።

የቫንኩቨር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት የ30 ጂን ምርመራ ይህን አሳይቷል። የራሳቸው ስቴም ሴል ከተተከለላቸው ሰዎች መካከል ምርመራው «ዝቅተኛ ስጋት» ካላቸው አብዛኞቹ አምስት ዓመት ሳያገረሽባቸው ሲቆዩ፣ «ከፍተኛ» ካላቸው ግን ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። በደንብ የተነበየውም ሲያገረሽ የተወሰደው ናሙና ነው።

ምርመራው የሚቆጥረውን አር ኤን ኤ ናሙናው የሚቀመጥበት ፎርማሊን ይቆራርጠዋል፤ ማሽኑ ሳያባዛ ስለሚቆጥር ግን ቁርጥራጩ ይበቃዋል። የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ዕጢው ያለበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በእስክሪብቶ እከባለሁ፤ ባልደረባዬ የከበብኩትን ብቻ በምላጭ ትፍቃለች። በዙሪያው ያለው ጠባሳ አብሮ ከተፋቀ ቁጥሩ የዕጢው ብቻ አይሆንም።

አንድ ጊዜ በቀጭን መርፌ የተወሰደ፣ ግማሹ ጠባሳ የሆነ ናሙና መጣልኝ። ውጤት እንዲገኝ ስለፈለግሁ ሰፋ አድርጌ ከበብኩ፤ «ዝቅተኛ» አለ። አላመንኩትም። ጠበብ አድርጌ ስደግመው ድንበሩን ተሻገረ። ሁለቱንም ሳልልክ ለሐኪሟ ደወልኩ። «ይቅርታ ዶክተር፣ ይህ ናሙና ለፍርድ አይበቃም» አልኳት። ዝም አለች፤ ከዚያ «ለታማሚው እነግረዋለሁ» አለች።

ምርመራው የተሠራው ብሬንቱክሲማብና ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት መድኃኒቶች እንደ ዛሬው ሳይለመዱ በፊት በታከሙ ሰዎች ናሙና ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻውን አልልክም፤ ያየሁትን እጽፍበታለሁ።

በሳምንቱ ሙሉ ንፍፊት በፎርማሊን መጣ። ስሰነጥቀው ነጣ ያለ፣ ጠባሳው ጥቂት ነበር። እስክሪብቶዬን አነሳሁ።