ከእጅ አይሻል ዶማ? ስለ ቤዝ ጊታርና ስለ ፔዳሎቹ የቀረበ ሒስ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና እኛም ከሥሩ እንጀምር። «ይህ የሥነ ጽሑፍ ገጽ አይደለም እንዴ? ጊታር ምን ሊሠራ መጣ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ስለ ይዘትና ስለ ቅርጽ የምንከራከረው ልብ ወለድና ግጥም ላይ ስንደርስ ብቻ ከሆነ፣ ክርክሩ ገና አልገባንም ማለት ነው። ያው ጥያቄ መድረክ ላይ በወጣው ቤዝ መቺ ጓደኛችን እግር ሥር፣ በአንዲት ትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሣጥኗ ፔዳል ትባላለች። በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ትገባለች፤ በእግር ስትረገጥ ድምፁን ታሻክራለች፣ ታወዛውዛለች፣ ታስተጋባለች፤ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ ታጠፋዋለች። ጽሑፋችን የሚነሣው ከዚህችው ከመጨረሻዋ ነጥብ ነው።

በጉዳዩ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «ቤዝ ማለት ጣትና ክር ነው፤ የቀረው ሁሉ የፈረንጅ ቅባ ቅብ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሣጥን ከሣጥን ደርድሮ፣ መብራታቸው ብልጭ ድርግም ሲል እያየ፣ «ድምፅ አገኘሁ» ይላል። የፊተኛው ሲናገር ደስ ይላል፤ የኋለኛው ሲገዛ ደስ ይለዋል። በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱም ጥያቄውን ስተውታል። ጥያቄው ፔዳል ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሣጥኗ በተረገጠች ጊዜ ዘፈኑ የቆመበት መሠረት ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

ነገሩ የዋዛ አይደለም። ተማሪ ከምሳና ከታክሲ ቆጥቦ የሚገዛው ዕቃ ነው። ከገንዘቡም በላይ፣ ቤዙ መሬቱን ሲለቅ ዘፋኙ የሚረግጠው ያጣል፤ ድራሙ ብቻውን ይንኳኳል፤ የሚጨፍረውም ሰው ለምን እንደሆነ ሳያውቀው ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚወቀሰው ማን ነው? ዘፋኙ! ቤዙን ማንም ልብ አይለውም፤ ልብ የሚባለው ሲጎድል ነው፤ ሲጎድልም በስሙ አይጠራም።

ለመሆኑ ቤዙ ምን ይዞ ነው መሬት የሆነው? ባለ አራት ክሩ ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝቱ፣ ከሁሉ የወፈረው ክር ሳይጫኑት ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የተራው ጊታር ወፍራም ክር ግን 82 ጊዜ ያህል ነው፤ እጥፉ መሆኑ ነው። ታዲያ ገበያ ላይ ካሉት ፔዳሎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለዚህ ለሁለተኛው ነው። የጊታር ዲስቶርሽን ድምፁ እንዳይጨቀይ ሲል ብዙ ጊዜ የታችኛውን ክፍል አስቀድሞ ይቀንሰዋል። ይህ ለጊታሩ ሙያ ነው፤ ለቤዙ ግን እግር መቁረጥ ነው። ዋ-ዋ የሚባለውም ፔዳል የሚመላለሰው በመካከለኛው የድምፅ ክልል ስለሆነ ከበታቹ ያለውን ጥሎት ይሄዳል። መኝታ ክፍል ውስጥ ለብቻ ሲሞከር «ወይ ግሩም!» ያሰኛል፤ ምክንያቱም ክፍሉ ባዶ ነው። ጊታሩ፣ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ ሲገቡ ግን ያ ያማረ ሻካራ ድምፅ የእነሱን ሰፈር ሲጋፋ ይገኛል፤ የራሱ ሰፈር ደግሞ ጠባቂ የለውም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወገን «ይኸው! አላልንም?» ማለቱ አይቀርም። አይቸኩል። ታሪኩ ለእርሱም አይመቸውም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፈዝ የሚባለው የሻከረ ድምፅ ስሙን ያተረፈው በጊታር ይሁን እንጂ፣ ለፔዳሉ መነሻ የሆነው የቤዝ ድምፅ ነው። በ1960 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ፣ ማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» የተባለውን ዘፈን ሲያስቀርጽ ግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት ክር ቤዝ ይዞ ነበር። መሣሪያው የተያያዘበት የመቅረጫ መስመር ተበላሽቶ ኖሮ የሶሎው ድምፅ ተቀዳዶ፣ እያጉረመረመ ወጣ። እነርሱም ሳያርሙት ቀሩ፤ ዘፈኑ በ1961 ወጣ፤ ተወደደም። የቅጂው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ ያንኑ ብልሽት ሆን ብሎ የሚያወጣ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። በ1962 ጊብሰን «ማይስትሮ ፈዝ-ቶን» ብሎ ለገበያ ያቀረበው ፔዳል የተወለደው ከዚህ ነው። እንግዲህ ቤዝ የፈዝ እንግዳ ሳይሆን አባቱ ነው ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ቢትልሶች «ረበር ሶል» በተባለው አልበማቸው ላይ «ቲንክ ፎር ዮርሰልፍ» የሚል የጆርጅ ሃሪሰን ዘፈን አስገቡ። ፖል ማካርትኒ በዚህ ዘፈን ቤዙን በፈዝ አሳልፎ ይጫወታል። ግን ልብ በሉ፦ በቅጂው ላይ ያለው ቤዝ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። ንጹሑ ቤዝ ከታች ሆኖ ቤቱን ይሸከማል፤ ሻካራው ከበላዩ ሆኖ እንደ መሪ ጊታር ይናገራል፤ እንዲያውም ይነጫነጫል ማለት ይሻላል። የዘፈኑ ቃል ተግሣጽ ነው፤ ፈዙም የተግሣጹን ቃና ይዞ ነው የገባው። እዚህ ላይ ቅርጹ ይዘቱን አገለገለ እንላለን፤ የተሸከመውም ንጹሕ ቤዝ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዛሬ በብዙ የቤዝ ፔዳሎች ላይ «ብሌንድ» የሚል ማዞሪያ የምናየው ይህንኑ ዘዴ በአንድ ሣጥን ለመፈጸም ነው። ማዞሪያው ንጹሑን ድምፅ ከሻካራው ጋር በፈለግነው መጠን ይቀላቅላል። ይህ የሌለው የቤዝ ዲስቶርሽን በእኛ ሚዛን ጎዶሎ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ቡትሲ ኮሊንስ ነው። ከጄምስ ብራውን ባንድ ወጥቶ ከጆርጅ ክሊንተን ጋር የገጠመው ይህ ሰው በ1970ዎቹ የታወቀበት ድምፅ «ሚዩ-ትሮን 3» ከተባለ ፔዳል የሚፈልቅ ነው። ፔዳሉ ማጣሪያ ነው፤ ክሩ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ አፉን ይከፍታል፤ ለስለስ ተደርጎ ሲነካ ብዙም አይከፍትም። «ዋው» የሚለው ድምፁ አፍ ያለው ሰው የሚያወራ ያስመስለዋል። ታዲያ ጥበቡ የቱ ላይ ነው? ፔዳሉ ጣቱን መታዘዙ ላይ ነዋ! የሚያበራው እግር ቢሆንም የሚናገረው ጣት ነው። ሁሉን በአንድ ኃይል የሚደበድብ ሰው ይህን ሣጥን ቢገዛ፣ አንድ ዓይነት «ዋው» ሲደጋገም ይሰማል እንጂ ሌላ ነገር አያተርፍም። ቡትሲ ደግሞ ከጄምስ ብራውን ቤት ይዞት የወጣው ትምህርት የመጀመሪያዋን ምት አለመሳት ነው። ድምፁ ምንም ቢቀባጥር «አንድ» ስትቆጠር እርሱ እዚያ አለ።

ሦስተኛው ምሳሌ ፔዳል የሌለው ነው። የሞታውን ቤዝ መቺ የነበረው ጄምስ ጄመርሰን በቀኝ እጁ በአንድ ሌባ ጣት ይጫወት ነበር፤ ክሮቹንም እስኪበጠሱ ድረስ አይቀይራቸውም ነበር። የመጀመሪያው ወገን በዚህ ሰው ስም ይምላል። ይማል! ግን ከክሮቹ ሥር ገብቶ ድምፁን ያፍን የነበረው ስፖንጅስ ምንድን ነው? ያ አሮጌ ክርስ? የድምፁን ጭራ የሚያሳጥር፣ ጫፉን የሚያለሰልስ ነገር ነው፤ ማለትም ኢፌክት ነው፤ ባትሪ የለውም እንጂ። ንጹሕ የምንለው ድምፅ ሁሉ የተመረጠ ድምፅ ነው። እርቃኑን የሚሄድ ድምፅ የለም።

«የፈረንጅ ቅባ ቅብ» ለሚለውም ክስ መልሱ ሩቅ አይደለም። በገናን እንመልከት። ዐሥር የአንጀት አውታር ያለው፣ ድምፁ እጅግ ጥልቅ የሆነ መሣሪያ ነው። በአውታሮቹና አውታሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ መካከል ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ «ዝዝዝ» ይላል። ደርዳሪው ድምፁ ልክ እስኪመጣለት ድረስ ቆዳዎቹን ገፋ ሳብ እያደረገ በትዕግሥት ያስተካክላቸዋል። ቆዳው ቢወጣ በገናው ያንን ከሌሎች የሚለየውን ቃና ያጣል። ይህ ምን ያስተምረናል? በጣም ጥልቅ ድምፅ ለብቻው ሲሆን ለጆሮ ያስቸግራል፤ ዝዝታው ግን በላዩ ቀጫጭን ድምፆችን ስለሚጨምርለት ጆሮ ይይዘዋል። ፈዝም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዘፈን በስልክ በሚሰማበት በዚህ ዘመን ጉዳዩ ይበልጥ ይገባናል፦ የስልክ ትንሽ ስፒከር ያንን በሴኮንድ 41 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አውጥታ ማሰማት አትችልም፤ ከበላዩ ያሉት ድምፆች ካሉ ግን ጆሯችን የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። እንግዲህ ማሻከር ባዕድ ነው የሚለው ክስ ይውደቅ። ሁለተኛውም ወገን ግን ደስ አይበለው። የበገናው ዝዝታ ጥልቁን ድምፅ አይተካውም፤ ያሰማዋል እንጂ። ሚዛናችን ይህች አንዲት ቃል ናት፦ ይተካል ወይስ ያሰማል?

ከሁሉ በፊት ግን የሚሰማ ነገር መኖር አለበት። በ1977 በወጣው የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» አልበም ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን የግርማ በየነ ድርሰት የማያውቅ የሙዚቃ ወዳጅ ጥቂት ነው። መላከ ገብሬ በቤዙ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ የቀሩት መሣሪያዎች በዚያ ላይ ቆመው ይጫወታሉ። ፔዳል የሚያምረው ወንድማችን ወይም እህታችን መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ሐረግ ያለ ምንም ሣጥን፣ ሳያፋጥኑና ሳያዘገዩ፣ ከዳር እስከ ዳር ይጫወቱት። ፔዳል ቅጽል ነው፤ ሐረጉ ግሥ ነው። ቅጽል ቢደረደር ቢደረደር ግሥ ካልመጣ ዐረፍተ ነገሩ አይዘጋም። በአንዳንድ ግጥሞቻችን ላይ የምንነቅፈውን ጉድለት በጊታር ሲሆን ለምን እናጨበጭብለታለን?

«እሺ፣ ምን እንግዛ ታዲያ?» ለሚለን ያለንን እንበል። አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው ኮምፕሬሰር አይከፋም፤ ጎልቶ የወጣውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ከቀረው ጋር ያስተካክላል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ግን የጣቱን አነጋገር ሁሉ ይደፈጥጠዋል። ዲስቶርሽን ከሆነ ብሌንድ ያለው ይሁን። ኦክታቭ የሚባለው ከተመታው ድምፅ በታች ሌላ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሁለት ክር ባንድ ላይ ሲመታ ይደናገራል፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥርም ይንተባተባል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ፣ ከፍ ብሎ መጫወት ነው። ኮረስና ዲሌይ ለዝግታ መግቢያ ያምራሉ፤ ሞቅ ባለ ጨዋታ ላይ ግን ወፍራሙ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደረበ ጭቃ ይሆናል። ጣት የሚያዳምጠው ማጣሪያ ከኮምፕሬሰሩ በፊት ይሰካ፤ አለዚያ ኮምፕሬሰሩ የደፈጠጠውን ነው የሚያዳምጠው። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት ይፈልጋሉ፤ በባትሪ ፈንታ አዳፕተር ስትሰኩ ግን ቮልቱን ብቻ ሳይሆን የፖዘቲቩንና የኔጋቲቩን አቅጣጫ ከሣጥኗ ምልክት ጋር አስተያዩ፤ ከተገለበጠ ሊያቃጥላት ይችላል።

ከግዢው በፊት ግን ፈተና አለ። ሣጥኗ ስትበራና ስትጠፋ የድምፁ ጉልበት እኩል ይሁን፤ ጆሮ የጮኸውን ሁሉ የተሻለ ይመስለዋልና። ፈተናው ለብቻ ሳይሆን ከባንዱ ጋር ይሁን። አንድ ሰውም አዳራሹ መጨረሻ ሄዶ ይቁም፤ ቤዝ መቺው አጠገቡ ያለውን አምፕ ነው የሚሰማው፤ ሕዝቡ የሚሰማውን አይሰማም። ያ ሰው «ሲበራ ቤዙ የት ሄደ?» ካለ ነገሩ አለቀ። ሣጥኗ ወደ ባለቤቷ ትመለስ።

«ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚለው ተረት ዶማን ሁሉ አይንቅም፤ የሚንቀው ከእጅ የማይሻለውን ዶማ ነው። ግሬዲ ማርቲን፣ ማካርትኒ፣ ቡትሲና በገና ደርዳሪዎቻችን የያዙት ዶማ ከእጅ የተሻለ ዶማ ነው፤ ምክንያቱም ከበስተኋላው እጅ ነበረ። እጁ ሳይኖር ዶማ መሰብሰብ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በዚህ አስተያየት የማይስማማ፣ በተለይ ከሁለተኛው ወገን፣ ቢኖር መልሱን ይጻፍ፤ ደግሞም ጊታሩን ይዞ ይምጣ፤ በጆሯችንም እንከራከር።