ምስር የምታህል ልጓም

ሣጥኗ አልሙኒየም ናት። ርዝመቷ 112 ሚሊ ሜትር፣ ወርዷ 60፣ ከፍታዋ 31 ነው። ክዳኗን አራት ብሎኖች ይዘውታል። ከላይ ሁለት ማዞሪያዎች፣ ከበታቻቸው በእግር የሚረገጥ አንድ ማብሪያ፣ በግራና በቀኝ የጃክ ቀዳዳዎች አሏት። ቀለም አልተቀባችም። ብርጭቆ ወረቀቱ ሲፈትጋት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለተሳበ፣ ጭረቶቿ ሁሉ ወደ ርዝመቷ ያመራሉ።

የተሠራችው ጀብራ ነው፤ ደቡብ ካርቱም፣ ከሠሪው ጋር በጋራ በተከራየነው ቤት። የጊታርን ድምፅ የምታሻክር ፔዳል ናት። መነሻዋ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ፈዝ ፌስ ነው። ያ ፔዳል ክብ ነበር፤ ቅርጹ ከማይክራፎን መቆሚያ እግር የተወሰደ ነው። ውስጡ ግን ለጉድ ቀላል ነው፦ ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተር፣ ሁለት ማዞሪያ። በጠቅላላ አሥራ አንድ ዕቃ።

ሥራውም አንድ ነው። የጊታሩን ሞገድ ያሳድግና ጫፉን ይቆርጠዋል። ጉብ ያለው ሞገድ አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጠርዝ ያወጣል። ጆሮ ላይ ስለት ሆኖ የሚሰማው ያ ጠርዝ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፈዝ ፌሶች ትራንዚስተራቸው ጀርማኒየም ነበር። ጀርማኒየም ጠርዙን ያለዝበዋል፤ ሙቀት ግን አይችልም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከትራንዚስተሩ ሾልኮ የሚያልፈው ኩረንት በግምት እጥፍ ይሆናል። በግንቦት ካርቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች። ጠዋት የተቃኘ ፔዳል ቀትር ላይ ሌላ ፔዳል ነው። ስለዚህ ሠሪው ሲሊከን መረጠ። ሲሊከን ሙቀቱን ይችላል፤ በምትኩ አብዝቶ ያጎላል፣ ለቀጭኑም ድምፅ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። የድምፁ ስለት የአየሩ ዋጋ ነበር።

ስለቱ ሌላም ምክንያት ነበረው። የጊታር አምፕሊፋየር ድምፅ ማጉያ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በራሱ ያደክማል። እኛ በምንጫወትባቸው ሠርጎች ግን አምፕሊፋየር አልነበረም። ጊታሩ ቀጥታ ሚክሰር ይገባል፤ ከዚያ ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ሳያስቀሩ በሚያወጡት የአዳራሽ ስፒከሮች ይለቀቃል። የፔዳሏ ጠርዝ የሚያለዝበው ሳያገኝ እንግዶቹ ጆሮ ይደርሳል።

የጊታሩን የቶን ቁልፍ መዝጋት ብዙ አይረዳም። ቁልፉ የሚቆርጠው ከመሻከሩ በፊት ያለውን ነው፤ ጠርዙ የሚወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ሠሪው መጀመሪያ መውጫው ላይ ሞከረ። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር አደረገ። ሁለቱ ተጣምረው ከ1,600 ኸርዝ አካባቢ ጀምረው ይቀንሳሉ። ስለቱ ጠፋ፤ ጊታሩም ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ሆነ። ነቀለው።

ከዚያ ሥራውን ለሁለት ከፈለው።

የመጀመሪያው ክፍል የመጀመሪያው ትራንዚስተር ላይ ነው። በኮሌክተሩና በቤዙ መካከል ምስር የምታህል የሴራሚክ ካፓሲተር አለች። እዚህ ቦታ ላይ የተቀመጠች ካፓሲተር ትራንዚስተሩ በሚያጎላው ልክ ተባዝታ ትሠራለች። ትራንዚስተሩ መቶ እጥፍ ቢያጎላ፣ 100 ፒኮፋራዷ 10 ናኖፋራድ ያህል ጉልበት ይኖራታል። ቀጭኑን ድምፅ ሁለተኛው ትራንዚስተር ሳይስለው በፊት ትይዘዋለች። ሠሪው በ470 ጀመረ፣ ወደ 220 ወረደ፣ 100 ላይ ቆመ። በእያንዳንዱ ለውጥ ያንኑ የትዝታ ሐረግ ይጫወት ነበር፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ገጭ አድርጎ።

አቀማመጧን ተመልከቱ። ትራንዚስተሩ ቢሲ 549 ነው። ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እናንተ ብታዞሩት፣ እግሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ናቸው። ካፓሲተሯ የምታገናኘው ጎረቤታሞቹን ኮሌክተርና ቤዝ ነው። ሽቦ አላስፈለገም። እግሮቿ አጥረው ከሥር ተበይደዋል፤ ጀርባዋ የትራንዚስተሩን ሆድ ሳይነካ ተጠግቶታል። ላይዋ 101 ተጽፎባታል፤ 10 ብላችሁ አንድ ዜሮ ስትጨምሩ መቶ ነው። ጽሑፉ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ሳይነቅላት እንዲያነባት።

ሁለተኛው ክፍል መውጫው ላይ ነው። ያው 10 ኪሎ ኦም፤ ካፓሲተሩ ግን አሁን 3.3 ናኖፋራድ ነው። መቀነስ የሚጀምሩት 4,800 ኸርዝ አካባቢ ነው። በ22 ፍሬት ጊታር ላይ የመጨረሻዋ ቀጭን ኖታ 1,175 ኸርዝ ገደማ ናት። እንግዲህ ከ4,800 በላይ ኖታ የለም፤ ያለው ጠርዝና ሹክሹክታ ነው። ጥንዱ የተቀመጠው ከቮሊዩሙ ማዞሪያ በፊት ነው። ከኋላው ቢሆን ኖሮ፣ ድምፅ ሲቀነስና ሲጨመር የማዞሪያው ኦም ከሬዚስተሩ ጋር እየተደመረ የመቁረጫውን ቦታ ይለዋውጠው ነበር።

ብየዳው ለብቻው መታየት አለበት። እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ትንሽ ድንኳን ከታች ሰፍቶ ወደ እግሩ ይሾጥጣል። እንክብል የሆነ የለም፤ እንክብል ሙቀት እንዳልደረሰው ይመሰክራል። ሬዚስተሮቹ ሁሉ የወርቅ ቀለበታቸው በአንድ በኩል ነው። ይህ ለድምፁ ምንም አይጨምርም።

ሱዳን ውስጥ የዚህ ዓይነት እጅ ብርቅ አይደለም። የፖርት ሱዳኑ ቤጃ ሙዚቀኛ ኑሪ የኤሌክትሪክ ጊታር አንገትን የክራር ዘመድ ከሆነው ጣምቡር ጋር አዋህዶ አንድ መሣሪያ ሠርቷል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበሙ ይሰማል። የእሱ መገጣጠሚያ ከሩቅ ይታያል፤ የዚህችን ለማየት ብሎን መፍታት ያስፈልጋል።

የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ጀብራን ለቀን ወጣን። ፔዳሏ አሁን አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ቮሊዩሟ ሲዞር ይንኮሻኮሻል፤ የካርቱም አቧራ ገብቶበታል። ለማጽዳት ስከፍታት ሁለተኛውን ትራንዚስተር አየሁ። አጠገቡ ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች አሉ፤ ዙሪያቸውን የድሮ ብየዳ ቀለበት ይዟቸዋል። ጀብራ እያለን ለምን ባዶ እንደተዋቸው ጠይቄው ነበር።

«ሞልቼ ነበር» አለኝ፤ «ግን ክሩን የሚነካው ጥፍር ጠፋ።»