ዝናብ የሚያስገባ መኪና፦ ጥሩ ሥራ በምን ይታወቃል?

በሐምሌ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በአንኮበር በኩል ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መኪና በአንድ ጉዞ ሁሉንም ዓይነት ውሃ ያገኛል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ነፋስ የሚገፋው ቀዝቃዛ ዝናብ ከጎኑ ይመታዋል። አንኮበር ሲደርስ ጉም ይውጠዋል፤ ጉሙም ጠብታ ሳይጥል ላሜራውን ሁሉ ያረጥበዋል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይመጣል። መኪናው አፍንጫውን ዘቅዝቆ መውረድ ሲጀምር ጣሪያው ውስጥ ተኝቶ የነበረው ውሃ ወደ ፊት ሄዶ ሾፌሩ ጉልበት ላይ ይንጠባጠባል። ሽቅብ ሲመለስ ያው ውሃ ከኋላ ወንበር ስር ይገኛል። ባለቤቱ ሁለት ቦታ ተበሳብኝ ይላል፤ ቀዳዳው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ዝናብ የሚያስገባ መኪና የሚሠራን ባለሙያ ስመዝን ከሁሉ በፊት የማየው ፍለጋውን ነው። መድፈኑ በግማሽ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ውሃው የመጣበትን መንገድ ማግኘት ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ ሙያው የሚለየውም እዚያ ላይ ነው።

ይህ አገር ጭነትን ከውሃ የመጠበቅን ነገር ከመኪና በፊት ያውቀዋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አሊዩ አምባ ከታጁራ ወደብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ አንኮበር ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍባትና የሚገበያይባት ቦታ ነበረች። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ ዘመን አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር፤ ዝናብ ያገኘው አሞሌ ደግሞ ይሟሟል። ዛሬ በዚያው ቁልቁለት የሚመላለሰው ላንድክሩዘር፣ ሃይሱና አይሱዙው ነው። ዝቅ ያለ ስፖርት መኪና ይህን መንገድ አይደፍረውም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ይታያል፤ ውሃ የሚገባበት መንገድም ከላንድክሩዘሩ ብዙ አይለይም። በዚያ ላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ እጃችን ላይ ያለው መኪና ገና ብዙ ክረምት ይጠብቀዋል።

ወደ ጋራዡ እንግባ። ጥሩ ባለሙያ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ውሃው የሚታየው ቆሞ ሲያድር ነው ወይስ ሲሄድ? ቁልቁል ነው ሽቅብ? ሲያቆሙት አፍንጫው ወደየት ነበር? በቅርቡ መስታወት ቀይረዋል? የበሩን የውስጥ ሽፋን የከፈተ ሰው አለ?» እነዚህን ሳይጠይቅ ሲሊኮን ያነሳ ሰው ገና አልጀመረም። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ትልቅ ነገር ናቸው፤ ብዙው ውሃ የሚገባው ቀድሞ ሰው በነካካው ቦታ በኩል ነውና።

ቀጥሎ ውሃው ዝናብ መሆኑን ያረጋግጣል። አሊዩ አምባ ሞቃት ስለሆነ ወደዚያ የወረደ ሰው ኤሲ ይከፍታል። የኤሲው ውሃ መውጫ ቱቦ በአቧራ ከተደፈነ ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው ውሃ ከፊት ወንበር እግር ስር ይጠራቀማል፤ ሰማዩ ጠርቶ እያለ እንኳ ሞኬቱ ይረጥባል። የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ መስታወቱንም በቅባት ጉም የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ የማሞቂያው ራዲያተር አፍስሷል። ሁለቱም ከዝናብ ጋር ግንኙነት የላቸውም። ይህን በጣቱ ነክቶና አሽትቶ የሚለይ ሰው ሲገጥምዎት ደስ ይበልዎት።

ከዚያ ወንበር ይወጣል፣ ሞኬት ይነሳል፣ ወለሉ ይደርቃል። እርጥብ መኪና ላይ ፍለጋ የለም፤ አዲሱ ውሃ ከአሮጌው አይለይም። ወለሉ ሲደርቅ አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ውጭ ሆኖ ውሃ ያፈስሳል። የሚፈስበት ቅደም ተከተል የባለሙያው መታወቂያ ነው። ከታች ይጀምራል፤ በመጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ የመስታወቱ ታችኛው ጠርዝ፣ ከዚያ ጎኖቹ፣ ጣሪያው በመጨረሻ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከጣሪያው ከጀመረ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያረጥብ የቱ እንዳስገባ አይታወቅም። ውሃውም በለሆሳስ ነው የሚፈሰው። በእጥበት ቤት ግፊት ጎማው ላይ ከተረጨ ደህናው ጎማ ራሱ ያስገባል፣ ያልታመመውም ይታከማል።

ውስጥ የተቀመጠው ሰው በየመገጣጠሚያው ሶፍት ይለጥፋል ወይም ስስ ዱቄት ይነሰንሳል፤ ጠብታው በዱቄቱ ላይ የሄደበትን መስመር ትቶ ያልፋል። ሌላም ዘዴ አለ። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው የአየር ማራገቢያው ከውጭ አየር እየሳበ በከፍተኛው ይከፈታል፤ ከዚያ በመስታወቱና በበሩ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ይቀባል። አየር የሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ይነፋል። አሊዩ አምባ መንገድ ላይ ለሚሠራ መኪና አንድ ነገር እጨምራለሁ። ፈተናው ደልዳላ ቦታ ላይ ብቻ ተሠርቶ ካበቃ ግማሽ ነው። አፍንጫው ወደ ታች ሆኖ አንድ ጊዜ፣ ወደ ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ መደገም አለበት።

አሁን ወደ ጥገናው። ለእኔ ዋናው የፊት መስታወት ነው፤ በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና መስታወቱ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ደጋግሞ ይቀየራል። እንደ ላንድክሩዘር 70 ባሉት መኪኖች መስታወቱ የተያዘው በጎማ ነው። ከጎማው ስር ያለው ላሜራ ሲዝግ ጎማው ላይ በሲሊኮን መቀባት ዝገቱን ይሸፍናል እንጂ አያቆመውም። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የተለመደው ሲሊኮንማ ይባስ ብሎ አሲድ ያወጣል፣ ላሜራውንም ያዝገዋል። ጥሩ ሥራ መስታወቱን ያወጣል፣ ዝገቱን እስከ ደህናው ብረት ይፍቃል፣ የተበላውን በብየዳ ይተካል፣ ጸረ ዝገት ቀለም ቀብቶ እስኪደርቅ ይታገሳል፣ ከዚያም አዲስ ጎማ ያስገባል። የዝገት ቀዳዳ በስቱኮ ከተሞላ ደግሞ ዘንድሮ ያምራል፣ ለከርሞ ይፈነዳል፤ ስቱኮ ውሃ ይመጥጣልና።

በአዲሶቹ መኪኖች መስታወቱ የሚያያዘው በፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ነው። እዚህ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አሮጌው ማጣበቂያ ስስ ሽፋን እስኪቀር ድረስ በእኩል መቆረጥ አለበት። በቢላው የተጫረ ቀለም ሁሉ ፕራይመር መቀባት አለበት፤ ያ ጭረት የነገ ዝገት ነው። ማጣበቂያው ሲፈስ መስመሩ ሳይቋረጥ መዞር አለበት፤ ሠራተኛው እጁን ያነሳበት ቦታ ውሃ የሚገባበት ቦታ ይሆናል። ቀድሞ ሲሊኮን የነካው ጠርዝ ላይ ፖሊዩሪቴን በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ «ለጊዜው» ተብሎ የተቀባ ሲሊኮን ቀጣዩን ትክክለኛ ጥገናም ያበላሻል። ማጣበቂያው የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው፣ በብርድም ይዘገያል። የደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ መስታወት ገጥሞ «ወዲያው ይንዱት» የሚልን ሰው አልመርጥም።

የበሩ ጉዳይ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ዝናብ በመስኮቱ መስታወት በኩል ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ የታሰበበት ነው፤ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ውሃው ወደ ተሳፋሪው እንዳይሻገር የሚከለክለው ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ ነው። የመስኮት ሞተር ወይም ድምፅ ማጉያ የሚቀይር ሰው ያንን ላስቲክ ይቀድደዋል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ይጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የበር ጎማ እየገዛ ይከስራል። እኔ በር የተሠራለትን መኪና የምፈትሸው ሽፋኑን አስከፍቼ ነው። ላስቲኩ ዙሪያውን ተለጥፎ፣ ታችኛው ጫፉም ውሃውን ወደ በሩ ውስጥ እንዲመልስ ተደርጎ ከታጠፈ ሠሪው ሥራውን ያውቃል። የበሩ ጎማ ራሱ በብር ኖት ይፈተናል። ኖቱን አጣብቀው በሩን ዘግተው ሲስቡት በዙሪያው ሁሉ በእኩል ሊይዝ ይገባል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከላላ፣ ጎማ ከመቀየሩ በፊት የበሩ ማጠፊያ መታየት አለበት።

ከኮፈኑ ኋላ፣ ከፊት መስታወት ስር ያለው ጉድጓድ የባሕር ዛፍና የጥድ ቅጠል ይሞላዋል፤ ሲሞላ ውሃው በአየር ማስገቢያው ወደ ውስጥ ይዞራል። ይህን የማይከፍት ጠጋኝ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን አለ። ሰንሩፍም እንደ ቆርቆሮ ቤት አሸንዳ ነው። ዙሪያው ውሃ እንዲቀበል የተሠራ ነው፤ የተቀበለውን በየማዕዘኑ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ይሸኛል። ቱቦው ሲደፈን የሰንሩፉን ጠርዝ በሲሊኮን የሚዘጋ ሰው ጨርሶ አልገባውም። ቱቦውን በኮምፕሬሰር በኃይል የሚነፋም ከመጋጠሚያው ሊነቅለውና ውሃውን ጣሪያው ውስጥ ሊለቀው ይችላል። ለስላሳ ሽቦ ወይም የናይለን ክር፣ ከዚያ ትንሽ ውሃ፣ ከዚያ ከመኪናው ስር ጎንበስ ብሎ ሲወጣ ማየት፤ ሥራው ይኸው ነው።

ጣሪያቸው የሚታጠፍ ስፖርት መኪኖች በሽታም ይኸው የተደፈነ ቱቦ ነው። የማዝዳ ኤምኤክስ 5 ማፍሰሻዎች ከወንበሮቹ ኋላ ናቸው፤ ሲደፈኑ የበሩ ደፍ ከውስጥ ይዝጋል። በመጀመሪያው ፖርሽ ቦክስተር ደግሞ የቁልፍና የማንቂያ ደወል ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ከወንበር ስር፣ ወለሉ ላይ ነው፤ ወለሉ ውሃ ሲይዝ መኪናው አልነሳም ይላል። በሩ የመስታወት ፍሬም ከሌለው፣ መስታወቱ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት ልክ ሚሊሜትር ያህል ከሳተ ያስገባል፤ እሱን ማስተካከል የትዕግሥት ሥራ ነው።

ፖርቶመጋላ የተጫነበትን ጣሪያ ሲያዩ ብሎኖቹን ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ብሎን ከስሩ የጎማ ሮንዴላና ማሸጊያ ሊኖረው ይገባል። ከባድ ጭነት በጠጠር መንገድ ሲንገጫገጭ የጣሪያው መገጣጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ ይሰነጠቃል፤ ጥሩ ሠሪ አሮጌውን ፍቆ አዲስ ይሞላል እንጂ በላዩ አይደርብም።

ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ ሥራው አላለቀም። ከሞኬቱ ስር ያለው ስፖንጅ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ላዩ ደርቆ ታችኛው ለሳምንታት ሊረጥብ ይችላል። መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ የሻገተ ከሸተተ ስፖንጁ አልደረቀም ማለት ነው። ከስሩ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች መጋጠሚያም መከፈትና መጽዳት አለበት፤ አረንጓዴ ዝገት የያዘ መጋጠሚያ በበጋ ጣጣ ያመጣል።

ሲረከቡ ሠሪው ያገኘውን ቦታ በጣቱ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፣ ከዚያ እርስዎ ውስጥ ተቀምጠው እሱ ውሃ ያፍስስ። ሂሳቡ ላይ ለፍለጋ የጠየቀውን ገንዘብ አይከራከሩበት፤ የከፈሉት ለዚያ ነው። ጊዜውንም ያስቡበት። በየካቲትና በመጋቢት የሚጥለው የበልግ ዝናብ መኪናዎ የት እንደሚያስገባ ይነግርዎታል፤ ግንቦት ሳያልቅ ወደ ጋራዥ ይውሰዱት። በሐምሌ ለሚመጣ መኪና ማድረቂያ ፀሐይ የለም።