ሻማም ያልቃል

የአንዲት ወዳጄ ልጅ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልቦለድ አምጥታ፣ "ጋሼ፣ ይህን ሳይጨርሱ እንዳይመልሱልኝ" አለችኝ። የጀርባውን ጽሑፍ ሳነብ እዚያው ልመልስላት ምንም አልቀረኝ። የቫምፓየር ፍቅር ነዋ! እኔ የማውቀው ደም መጣጭ ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያወጣውን ድራኩላን ነው። እሱ ደግሞ መስቀል ሲያይ ይሸሻል እንጂ "አሞኛል፣ እርዱኝ" ሲል አልሰማሁም። ቢሆንም ልጅቷን ላለማስቀየም ጀመርኩት። ጨረስኩትም።

ደራሲዋ አሜሪካዊቷ ጄ. አር. ዋርድ ናት። መጽሐፉ "ላቨር ኢንሽራይንድ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረችው "ብላክ ዳገር ብራዘርሁድ" የተሰኘ ተከታታይ ልቦለድ ስድስተኛ መጽሐፍ ሆኖ በ2008 ወጣ። ታሪኩ የሚካሄደው ካልድዌል በተባለች፣ ደራሲዋ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በፈጠረቻት ከተማ ነው። የዋርድ ቫምፓየሮች የሰው አንገት እየነከሱ አይዞሩም፤ ወንዱ ከሴቷ፣ ሴቷ ከወንዱ እየጠጡ ይኖራሉ። ሊያጠፋቸው ከተነሳ ጠላት የሚጠብቋቸውም በመሃላ የተሳሰሩ ጥቂት ጦረኞች ናቸው፤ ወንድማማቾቹ።

ከእነሱ አንዱ ፉሪ ነው። መንትያው ዛዲስት ገና በጨቅላነቱ ተሰርቆ ለባርነት ይሸጣል፤ ሲያድግም እመቤቲቱ ደሙንም ገላውንም እንዳሻት ትጠቀምበታለች። ፉሪ ዕድሜውን ወንድሙን ሲፈልግ ይፈጃል። አግኝቶት ሲያመልጡ ባህር ውስጥ ይወድቃሉ፤ የፉሪ እግር በቋጥኝ መሃል ይያዛል። ይሄኔ የገዛ እግሩን በጥይት ቆርጦ ወንድሙን ያወጣል። ከዚያ በኋላ በሰው ሰራሽ እግር እየሄደ ለወንድሙ መኖር ብቻ ሆነ ስራው። ሴት አይነካም። ዛዲስት "ደብድበኝ" ሲለው እምቢ ማለት ስለማይችል ይደበድበዋል። የሚያፈቅራት ቤላ ዛዲስትን ስትመርጥ ዝም ይላል። ጓደኛው ቪሸስ ከሚወዳት ሴት እንዳይለይ ደግሞ የእሱን ግዴታ "እኔ ልሸከመው" ይላል።

እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ምን እንለዋለን? ጻድቅ! "እንደ ሻማ ቀልጦ ለሰው ያበራ" ብለን እናሞግሰዋለን። መጽሐፉ ግን "ይህ ሰው ታሟል" ይለናል።

እውነትም ታሟል። ፉሪ "ቀይ ጭስ" የሚሉትን ነገር ያለማቋረጥ ያጨሳል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደግሞ "ጠንቋዩ" የሚለው ድምፅ አለ፤ ከንቱነቱን ሲነግረው ይውላል፣ ያድራል። ሲዋጋም መግደል አይበቃውም፤ ጠላቱን ይቆራርጣል። በመጨረሻ ንጉሣቸው ራሱ ከማህበሩ ያስወጣዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት ነው፤ ከውስጥ ለሚበላ ህመም ግን አብሮ መተኮስ ብቻ መድኃኒት አይሆንም።

ለመሆኑ ከጓደኛው የተረከበው ግዴታ ምን መሰላችሁ? "የተመረጡት" ለሚባሉት ሴቶች ሁሉ ባል ሆኖ ለወገኑ ልጆች ማፍራት። የመጀመሪያዋ ኮርሚያ ትባላለች። በሥርዓቱ ቀን ታስራ ትቀርብለታለች፤ ፈቃዷን የጠየቃት የለም። ፉሪ ይደነግጥና ሳይነካት ይተዋታል። እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። "ራሴን ሰጠሁ" ያለው ሰው፣ ለካስ ሳያውቀው ሌላ ሰው ደርቦ ሰጥቷል! ዛዲስትስ ቢሆን? ያዳነው ሰው በየቀኑ ፊቱ ቆሞ እየደማ፣ ዕዳውን መቼ ከፍሎ ይጨርስ?

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። የሌሎች ጦረኞች ታሪክ በየመሃሉ እየገባ የፉሪን መንገድ ያጣብበዋል። የልብስና የመኪናው ስም መዘርዘርም ያሰለቻል። ከሁሉ ይልቅ ቅር ያለኝ፣ ራሷ ገና ነፃ ያልወጣችው ኮርሚያ የሱሰኛው አስታማሚ መሆኗ ነው። ደራሲዋ ቁስልን በፍቅር ብቻ ለማዳን ትቸኩላለች። ቢሆንም አንድ ነገር አልሳተችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዛዲስት እንኳ ወደ ሰውነት የተመለሰው ፊደል ቆጥሮ፣ የደረሰበትን አፍ አውጥቶ መናገር ሲጀምር ነው። ፉሪም የሚተርፈው አንድ ተጨማሪ መስዋዕትነት ከፍሎ ሳይሆን ጭሱን ትቶ፣ "የተመረጡትንም" የራሳቸውን ኑሮ ይኑሩ ብሎ ሲለቅቃቸው ነው።

መጽሐፉን ስመልስ ልጅቷን፣ "ምኑን ነው እንዲህ የወደድሽው?" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "እማዬን አየሁበት፤ እሷም እኮ እምቢ ብላ አታውቅም" አለችኝ።

ክው አልኩ። እናቷን ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ። ወንድሞቿን አስተምራ፣ ድራ፣ ለሁሉም ጎጆ አውጥታ ነው የራሷን ኑሮ የጀመረችው። ዛሬም ስልኳ ሲጮህ የሚፈልጋት እንጂ የሚጠይቃት የለም። ለልጇ ጊዜ እንዳልነበራት ግን ያን ቀን ገና ገባኝ። በየሰርጉና በየልደቱ ብድግ ብዬ "እንደ ሻማ የቀለጠች" እያልኩ ያስጨበጨብኩላት እኔ ነኝ።

አንድም ቀን ግን "አንቺስ እንዴት ነሽ?" ብያት አላውቅም።